ትሎቹ ይቆዩ ወይስ ይውጡ

ሰኞ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ከአኳሪየሙ ፊት ተንበረከከ። እትዬ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው፣ አፏን ገጥማ ተቀምጣለች።

እትዬ ሰው አይደለችም። ጨው ውሃ ውስጥ የምትኖር፣ ሁለት ክዳን ያላት፣ የአዋቂ መዳፍ የምታህል ዛጎል ናት። ጤናዋ ሲሆን መብራቱ በበራ በሩብ ሰዓት ውስጥ ክዳኖቿን ከፍታ ሰማያዊ ከንፈሯን እንደ ቀሚስ ዘርፍ ትዘረጋለች። ስሙን ያወጣችላት ሚስቱ ናት። "ሁሉን እያየች ዝም የምትል ታላቅ እህት ትመስላለች" ብላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ማንም ዛጎሏ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ሚስቱ ሆስፒታል ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከልቧ ቫልቮች አንዱ በደንብ አልዘጋ ብሎ፣ ዓርብ ጠዋት በቀዶ ጥገና ሊቀይሩላት ቀጠሮ ተይዟል። ከቤት የወጣች ቀን፣ ታክሲው በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀ፣ ኮቷን እንደለበሰች ከገንዳው ፊት ቆማ ቆይታ፣ "እኔ እስክመለስ እትዬን አደራ" አለችው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አደራ ብላው አታውቅም። የቤቱንም፣ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዋንም፣ የራሷን ሕመም ሳይቀር ብቻዋን ይዛ ነው የኖረችው። ስለዚህ ያን ቃል ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ያ ደስታ ከብዶታል።

ለማንም የማይነግረው ሌላ ሐሳብም አለው። እትዬ ካልከፈተች ሚስቱም አትመለስም የሚል ሐሳብ። የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ያውቃል። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካ አንዳች ነገር እንደማይዞር፣ አንድን ዛጎልና የአንዲትን ሴት ልብ የሚያገናኝ ዘንግ እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀም በየጠዋቱ እየተንደረደረ የሚመጣው የእትዬን አፍ እንደ ምርመራ ውጤት ሊያነብ ነው።

መብራቱ ሊበራ ጥቂት ደቂቃ ይቀረው ነበር። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ያኔ ነው ያየው። ከእትዬ ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ የጣት ርዝመት ያለው ሮዝማ ትል ግማሽ አካሉን አውጥቶ የክዳኗን ጠርዝ ይዳስሳል። በግራና በቀኙ ነጫጭ ፀጉር እንደ ጥርስ ብሩሽ ተሰድሯል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቅልሎ ገባ። ባትሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ ሌላ አለ። ወደ ቀኝ አዞረ፤ ሁለት አሉ። ድንጋዩ ሁሉ በውስጡ የሚንቀሳቀስ መሰለው።

እነዚህን ትሎች ከዚህ በፊት አይቷቸዋል። ሚስቱ አሳይታዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየጣለ። እሱ መስኮቱ ሥር ባለችው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ማጉያውን በዓይኑ ቆንጥጦ፣ የአንዲት የሴት የእጅ ሰዓት ፀጉር የምታህል ሽቦ እያቃና ነበር። እሷ በሾርባ ማንኪያ አንድ ትል ይዛ መጣች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው እስከ ክርኗ ርሷል። የማንኪያው እጀታ ላይ የነበረችው ጭረት ሳትቀር ትታየዋለች። ትሉን እያሳየችው ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። እሱም "እህ" አላት። እሷም ማንኪያዋን ይዛ ተመለሰች።

ምን ነበር ያለችው? ይቆዩ? ይውጡ? ከእሑዱ ሁሉም ነገር አለ፤ የዝናቡ ድምፅ፣ የሹራቡ ሽታ፣ የድምጿ ውጣ ውረድ። ቃሉ ብቻ የለም።

ደውሎ ሊጠይቃት ይችል ነበር። ግን ሐኪሙ እስከ ዓርብ ድረስ የሚያስደነግጥ ወሬ እንዳይነግራት አጥብቆ አሳስቦታል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ሐኪሙ አያውቀውም፤ ከጠየቃት ያን እሑድ እንዳልሰማት ታውቃለች። ያን እሑድ ካልሰማ ደግሞ ስንት ሌላ እሑድ እንዳልሰማ ማሰቧ አይቀርም።

የሚስቱ ታናሽ እህት ቤቱን ልታግዘው አብራው ሰንብታለች። ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ እሱ "ፋርማሲዋ" እያለ ነው የሚጠራት። ቁርስ ላይ ስለ ትሎቹ ሲነግራት ማንኪያዋን አስቀምጣ መጥታ በባትሪው አየችና ትከሻዋን ሰበቀች።

"ጋሼ፣ ትል እኮ ነው። በትል ላይ ደግሞ ሸንጎ ይቀመጣል?"

"የሚጠቅምም ይኖራል።"

"የልጄ ሆድ ውስጥ ትል ተገኘ ብሎ የሚመጣን ደንበኛ የትሉ ፀባይ እንዴት ነው ብዬ ልጠይቀው?"

ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ከሥራ በፊት አሳና አኳሪየም ወደሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ሄደ። ሰውዬው እንደ መልካም ሐኪም ሁለቱንም ጎን ነገረው። ብዙዎቹ ፀጉራም ትሎች ጠራጊዎች ናቸው፤ የሞተና የተረፈ ይበላሉ፤ ሕያው ነገር አይነኩም። አንድ ዓይነት ግን አለ፣ ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳም ዛጎልም የሚቦጫጭቅ። የእሱ የትኛው ነው? ሳላይ አልፈርድም አለ ሰውዬው። ከዛጎሏ አጠገብ ካየኸው ግን እኔ ብሆን ዝም አልልም ብሎ ሁለት የፕላስቲክ ወጥመድ ሸጠለት።

መንገድ ላይ ሲመለስ የወሰነው እሱ ራሱ ሳይሆን ሠላሳ ዓመት የሠራበት እጁ ነው ማለት ይቻላል። ሰዓት ሲቆም መጀመሪያ የሚደረገው ቦታው ያልሆነ ነገር መፈለግ ነው። አቧራ፣ የጨርቅ ክር፣ የረጋ ዘይት። ያን ካወጡለት ሰዓቱ ይሄዳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እትዬ ቆማለች፤ ከሥሯ ቦታው ያልሆነ ነገር ተገኝቷል።

ሰኞ ማታ መብራቱ ሲጠፋ የሽሪምፕ ቁራጭ የገባባቸውን ወጥመዶች ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ትል አወጣ። ረቡዕ ጠዋት፣ በመቆንጠጫ የጎተታቸውን ጨምሮ፣ አሥራ አምስት። ከወጥመዱ ያመለጡትን በሰዓት መቆንጠጫው ከስንጥቅ እየጎተተ ሲያወጣ አንዱ ተጠምዝዞ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ፀጉሩ የሚታይ እንኳ አልነበረም፤ ሕመሙ ግን እንደ ሳማ አቃጠለው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ አብጠው ዋሉ። ብሎን ማንሳት አቅቶት ሁለት ደንበኛ ለሌላ ሳምንት ቀጠረ።

ፋርማሲዋ ጣቶቹ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች በአንድ ምት እየላጠች ፀጉሩን አወጣችለት።

"ቀስ በይ አንቺ።"

"ቀስ ካልኩ ቆዳው ውስጥ ይቀራል። እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት ቀስ ብላ ይዛህ ምን አተረፈች?"

ቀልድ ነበር። ቀጣዩን ፕላስተር ግን በጥንቃቄ ላጠችው።

ትሎቹን አልገደላቸውም። ከገንዳው ውሃ ቀድቶ በትልቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ አየር እንዳያጥራቸው ከፓምፑ ቀጭን ቱቦ ሳበላቸው፤ ማሰሮውንም በሥራ ጠረጴዛው ላይ ከተፈታቱ ሰዓቶች ጎን አኖረው። ፋርማሲዋ የፈላ ውሃ ድፋባቸውና ተገላገል ብትለው ነገ አላት። ለምን ነገ እንዳላት አያውቅም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጣቱ ሥራ ስላልፈቀደለት፣ ማጉያውን በዓይኑ አድርጎ አንዱን ትል ተመለከተ። እግሮቹ ከፊት ወደ ኋላ በተራ በተራ እየተነሡ አንድ ወጥ ማዕበል ይሠራሉ፤ አንዱ ከሌላው አይጋጭም፣ አንዱ አይዘገይም። እንዲህ ያለ የሚገጥም ሥራ በሰዓት ውስጥ ቢያገኝ ኖሮ የሠራውን ሰው ስም ይፈልግ ነበር። ማጉያውን አወለቀ። የተቀያየመውን ሰው ያየ ይመስል ፊቱን አዞረ።

እትዬ ግን አልከፈተችም።

ሐሙስ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ሽታ ነበር። ቀለል ያለ፣ ረግቶ የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ የሚሸት። ከገንዳው ጀርባ በባትሪ ሲያይ፣ ከድንጋዩ ኋላ አንዲት ቀንድ አውጣ ሞታ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ወርሷታል። ጥጉ ላይ የአሳዎቹ ትራፊ ምግብ ግራጫ ክምር ሆኗል። ውሃው ደብዝዟል። በዚህ ገንዳ ውስጥ ከዚህ በፊት የሞቱ እንስሳት ነበሩ፤ ማለትም ሚስቱ "ያቺ ቀንድ አውጣ ጠፋች" ትል ነበር እንጂ ሬሳ አይቶ አያውቅም። ትራፊ ምግብም ጠዋት ላይ አይቶ አያውቅም። ማን ያነሣው እንደነበር ገንዳው ቤት ውስጥ በቆየበት ስምንት ዓመት አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከትሎቹ ጋር ሦስት ቀን ተዘግታ የነበረች ዛጎል፣ ያለ ትሎቹም እንደተዘጋች ናት። እንግዲያው ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥፋቱን ሳያገኝ ጠራጊዎቹን አባሯል። ነገ ዓርብ ነው።

በተቀመጠበት ከፍታ ዓይኑ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ሆነ። ከዚህ ቦታ ውሃውን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ወይ ቆሞ ወይ ተንበርክኮ ነው። የውሃው ገጽ ላይ ቀስተ ደመና አለ። ቀጭን፣ ሰነፍ፣ እየዞረ የሚንሳፈፍ ሐምራዊና አረንጓዴ። ይህን ቀለም ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል። ዘይት ነው።

ቀና አለ። ከገንዳው በላይ ውሃውን የምታቀዘቅዝ ትንሽ ፋን ተሰቅላለች። ሚስቱ ሆስፒታል በገባች በሁለተኛው ቀን፣ ፋኗ ሲጥ ሲጥ ስትል ጆሮው አልችል ብሎ፣ ሚስቱ ስትመለስ ደስ ይበላት ብሎ፣ ለፋኗ ጥሩ የሰዓት ዘይት ሰጥቷት ነበር። ለእጅ ሰዓት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነው የሚሰጠው። ለፋኗ ግን፣ ትልቅ ናት ብሎ፣ እጁን ለቀቅ አድርጎ ነበር። አሁን ከዘንጓ ሥር አንዲት ጠብታ አብጣ ተንጠልጥላለች። እያያት ወደቀች። ውሃው ላይ ያለ ድምፅ ተዘረጋች።

ፋኗን ነቅሎ ጣላት ማለት ይቻላል። ሶፍት በእሽግ አምጥቶ አንድ በአንድ ውሃው ገጽ ላይ እያነጠፈ፣ ዘይቱን ሲጠጣ በሁለት ጫፉ እያነሣ፣ እንደገና እያነጠፈ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ያበጡት ጣቶቹ በጨው ውሃው ተቃጠሉ። ሚስቱ አዘጋጅታ በሰማያዊ በርሜል ካስቀመጠችው የጨው ውሃ ግማሹን ከገንዳው ውሃ ጋር ቀያየረ። የሞተችውን ቀንድ አውጣ አወጣ። ፋርማሲዋ ለምሳ ስትመለስ ምንጣፉ ርሶ፣ እሱ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ረጥቦ አገኘችው። ነገሩን ሲነግራት አልቀለደችም። ውሃ ማፍያውን ጣደችና ማሰሮውን አነሣች።

"ቢያንስ ይሄኛውን ልገላግልህ።"

"አስቀምጪው።"

"ጋሼ፣ ያቺ ባለሱቁ የነገረህ ዓይነት ቢሆኑስ? የምትቦጫጭቀዋ? ነገ እህቴ ከቀዶ ጥገና ስትወጣ ምን ልንላት ነው? ዘይቱ አዳከማት፣ ትሉ ጨረሳት?"

የሚፈራውን ነበር የተናገረችው። ዘይቱ እሱ ያጠፋው ጥፋት ነው፤ ይህ ግን ትሎቹን ንጹሕ አያደርጋቸውም። ለሁለት ቀን በባዶ ማሰሮ ውስጥ ነበሩ፤ ተርበዋል። ተነሣና ከገንዳው ወለል ላይ ተሰብራ የወደቀች የጣት ጫፍ የምታህል ሕያው ኮራል በመቆንጠጫ አነሣ፤ በማሰሮው በአንድ ጎን አስቀመጣት። በሌላው ጎን ከሞተችው ቀንድ አውጣ ሥጋ ቆርጦ ጣለ። መጋረጃውን ዘጋ። ማጉያውን ከዓይኑ አስገብቶ ትሎቹ ከብርሃኑ እንዳይሸሹ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፈነና ተቀመጠ። ፋርማሲዋም ከጎኑ ቆመች፤ ሥራ እንደሚረፍድባት አንድ ጊዜ ተናገረች፤ ግን አልሄደችም።

የመጀመሪያው ትል ከሥጋው ሲደርስ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ሌላው። አንዱ በኮራሏ ላይ ወጣ፤ ሰዓት ሠሪው ትንፋሹን ዋጠ። ትሉ ኮራሏን እንደ ተራ ጠጠር ተረማምዶባት አለፈ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ አራቱም ነጩ ሥጋ ላይ ተከምረው ነበር፤ ኮራሏ አንድ ጫፏ አልተነካም።

"የኔ ቢጤ ናቸው" አለች ፋርማሲዋ ቀስ ብላ። "ሰው የተወውን ነው የሚያነሡት።"

እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር። ማሰሮ ማሰሮ ነው፣ ገንዳ ገንዳ። ቢሆንም ወሰነ። ማሰሮውን ይዞ ሄዶ፣ ዘንበል አድርጎ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ቀስ ብሎ አፈሰሳቸው። አንድ በአንድ ወደየስንጥቃቸው ገቡ፤ አድራሻቸውን የረሳ አልነበረም።

ማታ ራት ሳይቀርብ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደሚያስገቧት፣ ፀጉሯን እንደሸፈኑላት፣ ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ እንደምታንኮራፋ ነገረችው። ከዚያ ጠየቀችው።

"እትዬስ?"

ደህና ናት ሊል አፉን ከፈተ። ሐኪሙ ትዝ አለው። ማንኪያዋን ይዛ የተመለሰችበት እሑድም ትዝ አለው።

"ስድስት ቀን አልከፈተችም። ፋኗ ላይ ዘይት አብዝቼ ነው። ዛሬ አጸዳሁት። ትሎቹ ናቸው ብዬም አውጥቻቸው ነበር። መልሻቸዋለሁ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"ያኔ፣ በማንኪያ ይዘሽ የመጣሽ ቀን" አለ፣ "የነገርሽኝን አልሰማሁሽም። ስሠራ ነበር። አሁን ብዙ ሞከርኩ፣ ቃሉ አልመጣ አለኝ። ይቆዩ ነበር ያልሽው?"

ሚስቱ ሳቀች። ደረቷን እያመማት የምትስቀው፣ አጭር፣ ትንፋሽ የሚያልቅባት ሳቅ።

"እኔ ምንም አላልኩም። አንተን ነው የጠየቅኩህ። የሚጠቅሙም የሚጎዱም አሉ ይላሉ፣ ልቀማቸው ወይስ ይቆዩ፣ ምን ይመስልሃል አልኩህ። 'እህ' አልክ።"

"ታዲያ?"

"ይቆዩ ያልክ መሰለኝ። ተውኳቸው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ትሎቹ የኖሩት በእሱ "እህ" ነበር።

"ተኚ" አላት በመጨረሻ። "ነገ በር ላይ ነኝ።"

ዓርብ ጠዋት በሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ፋርማሲዋ ደወለች፤ የእህቷን ብርድ ልብስ ልትወስድ ቤት አልፋ ነበር።

"ጋሼ፣ ከፍታለች።"

"ምን ያህል?"

"ጥፍር ታስገባለች። ከሰማያዊው ጫፍ ጫፉ ይታያል።"

እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ግን ዓይኑ ከፊቱ ያለው በር ላይ ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። በሁለቱ መካከል ዘንግ የለም። ይህን ሳምንቱን ሙሉ ያውቀው ነበር፤ አሁን ግን ገባው። አመስግኗት ስልኩን ኪሱ ከተተና መጠበቁን ቀጠለ። ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀ። ሐኪሙ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጥቶ ቫልቩ ይዘጋል፣ በደንብ ይዘጋል እስኪለው ድረስ አንድ ጊዜም አልተነሣም።

ወደ ቤት የተመለሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከገንዳው ፊት በትራስ ደግፈው አስቀመጧት። እትዬ ሙሉ በሙሉ ባትሆንም ተዘርግታለች፤ ከንፈሯ ላይ አንድ ቦታ የነጣ ጠባሳ አለ። ሰዓት ሠሪው ፋኗን አጥቦ፣ አንዲት ጠብታ ሳይሰጣት መልሶ ሰቅሏታል። ሲጥ ሲጥ ትላለች።

እሱ መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር። ሚስቱ ከኋላው አንድ ነገር ማለት ጀመረች። ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወንበሩንም ወደ እሷ አዞረ።

"ምን አልሽኝ?"

"ይቺ ፋን ጆሮዬን በላችው አልኩ። ትንሽ ዘይት አትሰጣትም?"

በእነዚህ ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

"ትጩህ" አላት።